ዕዳ ያልሆነው ክፍያ

ሒሳብ የተማረ ሰው አንድ ክፉ አመል አለው፤ ደህና የሚሄደውን ነገር ሁሉ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ፀዳል ያን ጥያቄ ባትጠይቅ ኖሮ ዛሬ በሰላም ትተኛ ነበር።

ከድንበር ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ቡላኦስ ገበያ አጠገብ ባለው የአቶ ወሰኑ የጭነት ቢሮ ሒሳብ ማለት የገባና የወጣ ገንዘብ ነበር። ደንበኛ ሲከፍል ገቢ፣ ለነዳጅ ሲከፈል ወጪ ይጻፋል፤ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ካልሄደ ምንም አልተደረገም ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2012 ግን አቶ ወሰኑ ሁለት መኪና ከነተሳቢው ለመግዛት ብድር ጠየቁ። ባንኩም እንዲህ ያለ ሒሳብ አልቀበልም አለ፤ ያልተሰበሰበውም ያልተከፈለውም ይግባበትና ያለፈው ሦስት ዓመት ሒሳብ እንደገና ተሠርቶ ይምጣ።

ፀዳል ሥራውን ወደደችው፤ ይሄ መደበቅ የለበትም። ጭነታቸው አዲስ አበባ ደርሶ ገና ያልከፈሉትን ደንበኞች ተሰብሳቢ ውስጥ አስገባች፤ በዱቤ የተቀዳውን ነዳጅ ደግሞ ተከፋይ ውስጥ። አስቀድሞ የተከፈለውን የቢሮ ኪራይ ለየወሩ አከፋፈለች። ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ደስ ይላል። በራሷ እየኮራች ሄዳ ሄዳ ጫላቸው ላይ ደረሰች።

ጫላቸው የቢሮው ሾፌር ነበር። ዲኪል መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ አንድ እግሩን ካጣ ወዲህ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ከሚስቱ ከእታለም ጋር ይኖራል። በየወሩ መጀመሪያ በምርኩዙ እየመጣ አርባ ሺህ ፍራንክ ይቀበላል። ሲመጣ ሳይጋበዝ ወንበር ይስባል፣ ከሾፌሮቹ ጋር ይቀላለዳል፣ ገንዘቡ ትንሽ ከዘገየ ፀዳልን ይቆጣታል። የተከፈለው «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያ በላይ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ፀዳል ጠየቀች። አቶ ወሰኑ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሾፌሮቹ በተሰበሰቡበት፣ «ዕድሜ ልክህን አለሁልህ» ብለው ቃል እንደገቡለት ነገሯት። ቃል ከሆነማ ዕዳ ነው አለቻቸው፤ ዕዳ ከሆነ ደግሞ የወደፊቱ ክፍያ ሁሉ ዛሬ ይጻፋል። ሰውየው ገና አርባ ዓመቱ ነው። አስልታ ስታሳያቸው የሦስቱ ዓመት ትርፍ ተበልቶ አለቀ። አቶ ወሰኑ ላባቸውን እየጠረጉ ሌላ መንገድ የለም ወይ አሉ። ነበረ። በፈቃዳቸው የሚሰጡት፣ ባሰኛቸው ቀን የሚተዉት ርዳታ ከሆነ ዕዳ አይባልም። ብቻ ሒሳቡን ለባንኩ የሚመረምረው ኦዲተር ማስረጃ ስለሚፈልግ ጫላቸው መብት የለኝም ብሎ መፈረም አለበት።

ወረቀቱን ያዘጋጀችው ራሷ ነች። ጫላቸው ሲመጣ ለባንኩ ብቻ ነው፣ የሚቀየር ነገር የለም አለችው። አማርኛውን ቀስ ብሎ አነበበው። «ምንም ዓይነት መብት የለኝም» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቀና ብሎ አያት፤ እሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስቴፕለር ትፈልግ ጀመር። ፈረመ። የዚያን ቀን ገንዘቡን የተቀበለው ቆሞ ነው፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎም ወጣ። ከዚያ በፊት አመስግኗት አያውቅም።

ብድሩ ተፈቀደ፤ መኪኖቹም ገቡ። ጫላቸው ግን በሚቀጥለው ወር አልመጣም፤ በሌላውም አልመጣም። ፀዳል ምግብ አልወርድ አላት። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ያውቃል፣ እኔ ግን ምን እንደወሰድኩበት አላወቅሁም እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ቢጨንቃት ገንዘቡን በፖስታ ይዛ ቤቱ ሄደች። እታለም ደጃፍ ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፤ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ፖስታውን አልነካውም።

«እግሬን የተውኩት በዚያ ቢሮ ሥራ ላይ ነው። በየወሩ የምመጣው የራሴን ልወስድ ነበር» አላት ሳይቆጣ። «ለካ ስታዝኑልኝ ነው የኖራችሁት። ካወቅሁ በኋላ እጄን እንዴት አድርጌ ልዘርጋ?»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ቢሮ ተመልሳ ሁሉንም ለአቶ ወሰኑ ነገረቻቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላም አለቀሰች። አቶ ወሰኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ወረቀቱን እንድትቀደው፣ ዕዳውንም እንድትጽፈው አዘዟት። ከባንኩ የሚመጣውን እኔ እችለዋለሁ አሉ። ፀዳል ዕዳውን በዚያው ጻፈችና በዚያ ሁሉ ሙቀት እየሮጠች ወደ ካርቲየ 2 ተመለሰች።

የተቀደደውን ወረቀትና ፖስታውን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጋሽ ጫላቸው፣ ዕዳ ሆኗል። ጽፌዋለሁ፤ እንደ ድሮው ነው» አለችው።

ጫላቸው ቁርጥራጮቹን አገላበጣቸው።

«ማን ቅደጂው አለሽ?»

«ጋሽ ወሰኑ።»

«ለምን?»

ፀዳል መልስ ፈለገች። ሳምንቱን ሙሉ እንዳልበላች ልትነግረው አሰበች፣ አቶ ወሰኑም እንዴት እንዳዘኑ። ገና ከአፏ ሳይወጣ የምትለው ሁሉ ያው አንድ ነገር መሆኑ ገባት።

«አሳዝኛቸው ነዋ» አለ ጫላቸው፤ ፖስታውን አንስቶም እጇ ላይ መለሰላት።

እታለም ዓይኗን ከፖስታው ላይ ሳትነቅል ሳምቡሳውን ታገላብጣለች፤ ዘይቱ ሲፈናጠርባት እጇን እንኳ አልሰበሰበችም።