ካድሬው የተረጎማት ቃል

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ እህል ይዘው ኮምቦልቻ ለመጡ ፈረንጆች አስተርጓሚ ሆኖ የተመደበላቸው ጓድ ሞላልኝ ነበር። ይህ ሰው ሞስኮ ስድስት ወር ተቀምጦ ያመጣው ነገር ቢኖር አንድ ካፖርትና የማያውቀውን አውቃለሁ የማለት ድፍረት ነው። ካፖርቱን በዚያ ሙቀት እንኳ አያወልቀውም። እኔ ደሴ እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር መጋዘኑ ውስጥ እንዳግዝ ታዝዤ ነበር።

አንድ ቀን ከወረባቦ ወረዳ፣ ከቢስቲማ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌዎች ገቡ። ከፊት ያሉት ሼህ በሺር ከንፈራቸው ደርቋል፤ እግራቸው ተሰነጣጥቋል። የፈረንጆቹ አለቃ ወደ ሞላልኝ ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ «ወረባቦ ሃርድ-ሂት ነው?» ሲል ጠየቀው።

ክፉኛ የተጎዳ ነው ወይ ማለቱ ነው። ሞላልኝ ግን ቃሏን ለሁለት ሰነጠቃት፤ «ሃርድ» በኃይል፣ «ሂት» መታ። ወዲያው ሽማግሌዎቹ ላይ አፈጠጠ።

«ማነው የደበደባችሁ? ለፈረንጅ ተመታን ብላችሁ ከሰሳችሁን?»

ሼህ በሺር ግራ ገባቸው። «ወላሂ ልጄ፣ ማንም አልመታንም። የመጣነው ርቦን ነው።»

«ኖ!» አለ ሞላልኝ ደረቱን ነፍቶ ለፈረንጁ። «ኖ ሃርድ-ሂት! ወረባቦ ጉድ!»

ፈረንጁ ሽማግሌዎቹን አይቶ ግር አለው። ቢሆንም የመንግሥት ሰው ተናግሯልና እህል የጫኑትን መኪኖች ወደ ሌላ ወረዳ ሊልክ ተነሳ።

ካድሬ ማረም ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። ግን አላስቻለኝም።

«ጓድ ሞላልኝ፣ ስለ ዱላ አልጠየቀህም። ሁለቱ ቃላት ሲጣመሩ አንድ ቅጽል ናቸው፤ በችግር ክፉኛ የተጎዳ ማለት ነው። ድርቁ ወረባቦን ጎድቷል ወይ ነው ያለህ።»

«ረሂማ! ሩሲያ የተማርኩትን እኔን አንቺ ልታስተምሪኝ?»

«ሩሲያ ውስጥ የሚነገረው እንግሊዝኛ አይደለም» አልኩትና ለፈረንጁ ራሴ ነገርኩት።

መኪኖቹ በማግስቱ ወደ ቢስቲማ ወጡ። ሞላልኝ ግን «የኢምፔሪያሊስት አፍ» ብሎ ስለከሰሰኝ ወደ ሐርቡ አዛወሩኝ። እሱን ደሴ ላይ ሾሙት። እንዲህ ያለውን ሰው ካልሾሙ ማንን ሊሾሙ ኖሯል!

ሼህ በሺር ግን ሐርቡ ድረስ መጥተው ዱዓ አደረጉልኝ። «የልጅ ልጆቼ ተርፈዋል፣ ልጄ» አሉኝ፤ አብረን አለቀስን። ሞላልኝም በዚያው ሰሞን መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ፣ «እንዴት ነሽ መምህርት?» ብሎኝ ነበር። ግንብ እንኳ ቢጠራኝ ዘወር ብዬ አየው ነበር። እሱን ግን ሳላየው አልፌ ወደ ገበያው ሄድኩ።