ማንም ያልለወጠኝ ቅጠል

ጋሽ ደገፋ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላቱን በጨርቅ መቀስ ቅጠል ቅጠሉን እየቆረጠ ሲያድለን ሰው ሁሉ አጨበጨበ። መጽሐፉ አንድ፣ እኛ የፋብሪካው ሰፊዎች አርባ። ከውጭ ለመጣው የሸራ መስፊያ ማሽን አንድ መካኒክ ከመካከላችን በፈተና ሊመረጥ ነው፤ መመሪያው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንድ አንድ ቅጠል በዕጣ እንወስዳለን፣ ሰኞ ሰኞ ከውይይት ክበብ በኋላ እንለዋወጣለን ተባለ።

አጠገቤ ለሚሰፋው ለወጋየሁ ሠላሳ ሁለት ቃል ያለበት ቅጠል ደረሰው። ለእኔ ፊትና ጀርባው አንድ ቃል ብቻ፤ ራን። ሮጠ ይላል። ወረድ ብሎ ፈሰሰ፣ አስተዳደረ፣ ሞተር አስኬደ፣ ለምርጫ ተወዳደረ፣ አውት ከሚለው ቃል ጋር ሲሆን አለቀ። አንዱ ይህን ሁሉ ከሠራ ሌሎቹ ቃላት ምን ይሠራሉ ብዬ ተናደድኩ።

ሰኞ ልለውጥ ዞርኩ።

«ትሩፋት፣ ሠላሳ ሁለት ሰጥቼ አንድ ልቀበል? ሞኝሽን ፈልጊ» አለኝ ወጋየሁ።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሰኞ ሞኝ አልተገኘም። ከሰፈሬ ከሀና ማርያም እስከ ፋብሪካው በእግሬ ስመላለስ ንዴቴን በራን ተወጣሁት፤ ከነአገባቡ ሸመደድኩት። ዘጠኝ ዓመት ሸራ ሰፍቻለሁ። ማሽን በተበላሸ ቁጥር ወንዶቹ ሲጠግኑ ቆሜ እጃቸውን አይቻለሁ። ቦታዋን ከልቤ እፈልጋት ነበር።

በፈተናው ቀን የጥገና ኃላፊው ጓድ ዱጉማ መመሪያውን ገልጦ «የሚለውን በማሽኑ ላይ አሳዩኝ» አለን። ወጋየሁ መቶ ቃል ይዞ አንዱንም ገጹ ላይ አጣው። እሱ የሸመደደው ንግሥትንና ወረፋን ነበር፤ ንግሥት የለችም፣ ወረፋን ያለ መዝገበ ቃላትም እናውቀዋለን።

እኔ ግን በየሥዕሉ ሥር ራንን አየሁት። ከሞተሩ ሥር ሲሆን ማሽኑን አስነሣሁ። ከዘይቱ ሥር ሲሆን መፍሰሱን በጣቴ ነክቼ አሳየሁ። ከክሩ ሥር ከአውት ጋር ሲመጣ ያለቀውን ክር ለወጥኩ። የቀረውን እጄ ያውቀዋል።

«ስንት የእንግሊዝኛ ቃል ታውቂያለሽ?» አለ ጓድ ዱጉማ።

«አንድ» አልኩት።

ሳቀና ስሜን ጻፈ። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

በአዲሱ ማሽን መጀመሪያ ልሰፋ ያሰብኩት የጋሽ ደገፋን መዝገበ ቃላት ነው። ቅጠሎቹን ስሰበስብ ወጋየሁ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«ሁለተኛው ማሽን በግንቦት ይመጣል ይላሉ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ያንቺን ቅጠል ስንት ሰጥቼ ልውሰደው?»

ምንም ሳልቀበል ሰጠሁት። መስፋቱንም እስከ ግንቦት አቆየሁት።