የዳኛ ፕራዘር የልዩነት ሐሳብ

ዳኛ ኤልውድ ፕራዘር በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ሲፈርድ የኖረው፣ ዋሽንግተን ያለውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር እያለመ ነው። ደጁን ያልጠናው ሴናተር አልነበረም። መመኘት ነውር አይደለም፤ የእሱ ምኞት ግን ሰውየውን ከውስጥ ጨርሶት ነበር።

አውቶሞቢል ከፈረስ ጋር መንገድ በሚጋፋበት በዚያ ዘመን፣ አንድ የጸደይ ቀን የኮርኔሊየስ ዶድ መዝገብ ቀረበለት። ዶድ ፉርጎ ሲያያይዝ ሁለት እጁን ያጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። የታችኛው ፍርድ ቤት ካሳ ፈርዶለት የባቡር ኩባንያው ይግባኝ ብሏል።

መዝገቡን የያዙት ሦስት ዳኞች ናቸው፤ በፍርድ ቤቱ ወግ ቀድሞ ድምፅ የሚሰጠው ታናሹ ነው። እሱም «አደጋውን እያወቀ ነው ሥራውን የያዘው» ብሎ ለኩባንያው ሰጠ። ፕራዘር ግን «አልስማማም» አለ። ሰብሳቢው ዳኛ ላትሮፕ ከታናሹ ጋር ወገነ።

ፕራዘር ቤቱ ገብቶ አሥራ አንድ ገጽ የልዩነት ሐሳብ ጻፈ። በሕይወቱ እንዲህ ጽፎ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት የጻፈው ሁሉ ገለባ ነበር።

ላትሮፕ አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ግሩም ጽሑፍ ነው። ግን ኤልውድ፣ ዋሽንግተን አንድ ወንበር ሊለቀቅ ነው ይባላል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ነው ይሄን የምታሳትመው? እዚያ ያሉት ጨቅጫቃ ዳኛ አይወዱም።»

«ሰውየው እኮ እጅ የለውም፣ ጌታዬ።»

«ያንተ አሥራ አንድ ገጽ እጅ ያበቅልለታል? ሁለት ለአንድ ነን፤ ዞሮ ዞሮ መሸነፉ አይቀርም። አንተ ለምን አብረኸው ትወድቃለህ?»

ፕራዘር ገጾቹን ይዞ ወጣ። ሁለት ቀን ታግሎ በሦስተኛው ገጾቹን ምድጃ ውስጥ ከተታቸውና ለኩባንያው በተሰጠው ውሳኔ ላይ ፈረመ። ውሳኔው ሲነበብ ዶድ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ሊወጣ ሲነሳ ሚስቱ ባርኔጣውን ጭንቅላቱ ላይ አደረገችለት። ፕራዘር ይህን አየ፤ ቶሎ ብሎም ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። አፍሮ ነበር፤ ግን እፍረቱ ወንበሩ ሲመጣ የሚያልፍ መሰለው።

ወንበሩ በመከር ተለቀቀ። እሱ ጋ ሳይደርስ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

የትምህርት ቤት ጓደኛው ሴናተር ሃርላን ብሪግስ ሊያጽናናው መጥቶ ሆቴል ምሳ ጋበዘው። ፕራዘር ሹካውን እንኳ አላነሳም።

«ስሜን ያጠፋው ማነው? ንገረኝ።»

«ማንም ስምህን አላጠፋም። በመጨረሻ ሦስት ስም ቀርቶን ነበር፤ አንዱ ያንተ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሠራተኛው ዳኛ ሁሉ የኩባንያ ነው ብሎ አምርሯል፤ ላይ ያሉት 'አንድ ጊዜ እንኳ ብቻውን የቆመ ዳኛ አምጡ' አሉን። የአሥራ ስድስት ዓመት መዝገብህን አስገለበጥኩ። አንዲት የልዩነት ሐሳብ አጣሁልህ፣ ኤልውድ! አንዲት! የተመረጠው ሰውዬ እኮ ያለችው አንድ ናት፤ እሷም ስድስት ገጽ።»

«እኔም ጽፌ ነበር» አለ ፕራዘር።

«እና የታለ?»

«አቃጠልኩት።»

ብሪግስ ቀልድ መስሎት በሳቅ ፈነዳ። ፕራዘር የምሩን መሆኑን መንገር አፈረና አብሮት ሳቀ።