የተጠረገው ዋንጫ

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይሄድም። ቀንዓ ግን አብሮኝ ሄደ፤ የልጅቷ አባት ኦቦ ዲንሳ «ባሕር ላይ የሚኖር ሰው ዓይኑን ሳላይ ዱሬቲን አልሰጥም» ብለው ስለላኩብኝ። ጊዜው 1976 ነው። ቀንዓ የእህቴ ልጅ ነው፤ ከአሰብ በሚነሣ መርከብ ሲሠራ ቆይቶ ለእረፍት ጌዶ ገብቶ ነበር። ልጅቷን ሲወዳት ለጉድ ነው።

እንደመጣ ቤቱን አተራመሰው። እጁን በሳሙና ሲፈትግ ይውላል፤ ከሰው ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም፣ ለብቻው በሰሐን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ቶሎ ይነደኛል፤ «ይሄ ጌዶ ነው፣ መርከብ አይደለም!» ብዬ እጮኽበታለሁ። መልሱ ያው ነው፦ መርከብ ላይ ካፒቴኑ የወጥ ቤቱን ጥጋጥግ በነጭ ጨርቅ እየጠረገ ያያል፤ ጨርቁ ከቆሸሸ ሁሉም ነገር እንደገና ይታጠባል። አንዱ ከታመመ መሸሻ የለም። እኔ ኩራት መሰለኝ።

ኦቦ ዲንሳ ቤት እርጎ በዋንጫ ቀረበ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ይቀምሳል፣ ለእንግዳ ይሰጣል፣ እንግዳው ጠጥቶ ይመልስለታል። ከአንድ ዋንጫ መጠጣት የዝምድና መጀመሪያ ነው። እሳቸው ቀመሱ፣ እኔ ቀመስኩ፣ ቀንዓም ተቀብሎ ፉት አለ። ከዚያ ከኪሱ ነጭ መሐረብ አውጥቶ የዋንጫውን ጠርዝ ዙሪያውን ጠረገና ለኦቦ ዲንሳ ዘረጋላቸው።

እሳቸው አልተቀበሉትም።

«ማል ታቴ፣ አንተ ልጅ? ምን ሆነሃል? አፌ ቆሸሸብህ?»

ዱሬቲ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«እናቴ ሥጋ ደዌ ነበረባት» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ዋንጫዋ ለብቻው አጥር ላይ ይሰቀል ነበር። ሰው ከሰው አፍ ሲሸሽ ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ። ኦቦ ሙለታ፣ ልጅዎን ይዘው ይሂዱ።»

ተነሣሁ። ያንን መሐረብ በጥርሴ ብዘነጥለው ደስ ባለኝ። ቀንዓ ግን ከመቀመጫው አልተነቃነቀም።

«የጠረግሁት የእርስዎን አፍ አይደለም፣ የራሴን ነው» አለ። «የመርከቡ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ታይፎይድ ገባብንና መርከቡ ወደብ እንዳይጠጋ ተከለከለ። ጓደኛዬ ዓብዲሳ እዚያው ባሕር ላይ ሞተ። ሐኪም ሁላችንንም ሲመረምር በሽታው እኔ ሆድ ውስጥ ተገኘ። እኔን አንድ ቀን እንኳ አላመመኝም፤ ያበሰልኩላቸው ግን እኔ ነኝ። ከወጥ ቤት አውጥተው ወለል አጣቢ አደረጉኝ። መድኃኒት ወሰድኩ። ሂድና እንደገና ተመርመር ብለውኝ ነበር፣ ፈራሁ። አልጠጣም ብል ይከፋዎታል፤ ጠጥቼ ዝም ብዬ ብመልስ ደግሞ...»

ያ ጥግ ለብቻው ይዞት የሚቀመጠው ሰሐን ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ኦቦ ዲንሳ ወደ መሐረቡ አመለከቱ።

«ማን ነው ጥረግ ያለህ?»

«ማንም።»

«የእናቴንም ዋንጫ አጥር ላይ የሰቀለው ጎረቤት አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ራሷ ናት። ከእሷ ዋንጫ ካልጠጣሁ ብዬ ሳለቅስ በክርኗ ገፋ ታደርገኝ ነበር። አትወደኝም እያልኩ ነው ያደግሁት።»

እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ አልጠረጉትም። ብዙ ሽምግልና ሄጃለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

«ዱሬቲን ሰጥቼሃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሠርጉ ግን ከተመረመርክ በኋላ ነው። ሰኞ አምቦ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«እርስዎ አይልፉ አባ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«አብሬህ ነው የምሄደው» አሉ። «እናቴን ሐኪም ቤት የወሰዳት ሰው አልነበረም።»