ያልሸናው ሙክት

የሕማማት ማክሰኞ ጠዋት ሙክታችን የኋላ እግሮቹን ከፍቶ፣ ወገቡን አጉብጦ ሲያምጥ አየሁት። ከሥሩ ያለው አፈር ደረቅ ነበር። በስደት የምንኖርባት የባሕሪ ከተማ ፀሐይ ሁሉንም ቶሎ ስለሚያደርቅ እጄን ከሆዱ ሥር ሰድጄ ጸጉሩን ዳሰስኩት። እሱም ደረቅ።

"ሽንቱ ታግዷል። ሊሞት ነው" አልኩ።

ባለቤቴ ፍሬው ሳቀ። "አንቺ ደግሞ ልጃችን ባስነጠሰች ቁጥር ቀብር ነው የሚታይሽ።"

ሙክቱን በአንድ ሆሽ፣ በአንድ ግቢ፣ የምንኖር ሦስት ቤተሰቦች ለፋሲካ የገዛነው ነው። ጾሙን ሙሉ ዱራ የሚሉትን ማሽላና ፉርሽካ ስናበላው ከረምን። ጎረቤታችን ጋሽ ወልደሥላሴ ደግሞ "ውሃ ሥጋ ያላላል" ብለው ባልዲውን አስነሱበት። አሁንም ሆዱን መታ መታ አድርገው "ነፍቶት ነው" አሉና ዘይት ጋቱት።

"ጋሽ፣ ይሄ ጨጓራ አይደለም። ሽንቱ ፊኛው ውስጥ ተጠራቅሟል፤ መውጫው ከተዘጋ ይፈነዳል። አሥረኛ ክፍል ተምረነዋል።"

"እንግዲያው በጉን አሥረኛ ክፍል አስገቢው።"

ሁሉም ሳቁ። ከሞተ በክት ነው፣ ማንም አይቀምሰውም። ዛሬ ቢታረድ ጾም ነው፤ ሥጋው በዚህ ሙቀት እስከ እሁድ አይቆይም። ይህን እያወቁ ይስቃሉ። ፊቴ ነደደ።

አውቶቡስ ይዤ የወንዙን ድልድይ ተሻገርኩና ይማም የሚባል የአገሬን ሰው ፍለጋ ሄድኩ። ይማም አገር ቤት የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ እዚህ ዐማራት በሚባል ሰፈር የአንድ ቪላ ገፊር ሆኖ በር ይጠብቃል። በሩን ለባልደረባው አስረክቦ ተከተለኝ።

ቤት እንደደረስን በጉን በቂጡ አስቀምጦ ብልቱን ከሽፋኑ ገፍቶ አወጣው።

"ሴት ብትሆን ቧንቧዋ አጭርና ሰፊ ነው፣ ጠጠሩ ይወጣላት ነበር። የወንዱ ረጅም ነው፤ መሃሉ ላይ ይጠማዘዛል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ይቺ ክር የመሰለች ቀጭን ቧንቧ አለች።" በጣቶቹ ዳሰሳት። "እዚህ ጋ ነው የተወተፈው። ፉርሽካው ጠጠሩን ሠራው፣ ጥማቱ አባሰው።"

ምላጭ ሲያወጣ ጋሽ ወልደሥላሴ ጠጋ አሉ። "ወንድነቱን ልትቆርጥበት ነው?"

"እሱንማ ድሮ ወስዳችሁበታል ጋሽ። እኔ ክሯን ብቻ ነው።"

ቆረጣት። ሁለት ጠብታ ደም ወረደ። ሌላ ምንም የለም። ዘግይተናል፣ ፈንድቷል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ አፈሩ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ቀጥሎ ሲፈስ ሰማሁ። እንደዚያ ረጅም ሽንት ሰምቼ አላውቅም።

"ከላይ ሌላ ጠጠር ሊኖር ይችላል" አለ ይማም። "እህል እንዳታሳዩት። ሣርና ብዙ ውሃ ብቻ።"

እሱን ሸኝቼ ስመለስ ፍሬው በሳህን ፉርሽካ ይዞ ከበጉ ፊት ቁጢጥ ብሏል።

"አምስት ቀን ነው የቀረው። አሁን ከከሳ ልፋታችን ሁሉ ገደል ገባ።"

ሳህኑን ነጥቄ ቦይ ውስጥ ደፋሁት። የፉርሽካውን ጆንያ እስከ ሙክቱ ድረስ ጎትቼ አጋደምኩና ተቀመጥኩበት።

"ተነሺ" አለኝ።

"እሁድ እነሳለሁ።"

ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። ሙክቱ ከኋላዬ አፉን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ይጠጣል። ጆሮዬ ግን የሚጠብቀው ከሥሩ፣ ከአፈሩ ላይ የሚመጣ ሌላ ድምፅ ነበር።