ሁለት ባልዲ ውሃ

ስማቸው ከአሮጌው ሆቴል ሰገነት ላይ ሲጠራ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ቺልኮን የሣር ባርኔጣቸውን አቃንተው ቀና አሉ። አስተማሪው ዊልመር ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋና «ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ውሃ፣ ሁለት ባልዲ» ብሎ አነበበ።

ውሃ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የበለስ ቁልቋል እየከተፉ፣ እሾሁ ጣታቸው ላይ እየተሰበረ፣ እንደ እንቁላል ነጭ እስኪዝለገለግ ዘፍዝፈው ያጠለሉትን ውሃ ብሎ ጻፈው። ያውም ማን? እሳቸው ክርስትና ያነሱት ልጅ። ሰዉ ሳቀ። ክፉ ሳቅ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ለሕፃንና ለአሮጊት የሚሳቀው ዓይነት ሳቅ ነው የሳቁት።

«ውሃማ ከቧንቧው ይቀዳ ነበር፤ ምነው ተሸክመው ደከሙ እማማ?» አለች ጎረቤታቸው አውሬሊያ።

«አንቺ ያመጣሽው ሲሚንቶ ነው?»

«አዎና፣ አራት ከረጢት።»

«በይ ሲጠማሽ እሱን ጠጪ።»

ሳንታ ዶሮቴያ ውስጥ ለመንደር ሥራ የወጣ ቤተሰብ ሁሉ ያመጣው ነገር በሕዝብ ፊት ይነበባል። ከዚያ ከግድግዳው ሁለት ክንድ ይደርሰዋል፤ ያችን ሁለት ክንድ የልጅ ልጁ ሳይቀር «የኛ ናት» እያለ ያሳያል። ያን ነሐሴ፣ በዚያ አገር በጋው እሱ ነውና፣ የወጡት የጎሎንድሪና ሆቴልን ሊያድኑ ነበር። አያቶቻቸው በበቅሎ ነጋዴ ዘመን የሠሩት ነው፤ ከተዘጋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱ ሲዘጋ አውቶቡሱም መቆም ተወ፣ ገበያውም ሳሳ። ለደብሩ በዓል ከተከፈተ ግን እንግዳ ይመጣል ተባለ፤ ወደ ባሕሩ ዳር የተሰደዱት ልጆችም ይመለሱ ይሆናል ተባለ።

ማንም ለልስኑ ጭቃ ሊያመጣ ያልፈለገው ለዚህ ነው። ጭቃ የአሳማ ጋጥ ነው። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ «እከሌ፣ ፋንድያ፣ ሦስት ጆንያ» መባልን ማን ይወዳል? ስለዚህ ሁሉም ሲሚንቶ አመጣ፤ ያለው ከጓዳው፣ የሌለው በጉን ለውጦ።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ፊደል አልቆጠሩም። ግን በዚያ ሆቴል ሠላሳ አንድ ዓመት አንሶላ አጥበዋል። በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ ከናታቸው ጋር በእግራቸው ጭቃ አቡክተዋል፤ ጭዱን ከፋንድያው፣ ፋንድያውን ከቁልቋሉ ውሃ አዋህደው ያን ግድግዳ መርገዋል። ልብስ ማጠቢያው ጥግ ላይ የናታቸው አምስት ጣት እንደ ማበጠሪያ ያሰመረው መስመር ገና አልጠፋም ነበር። ከናታቸው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው፤ ፎቶ የላቸውም።

«ዊልመር ልጄ» አሉ፣ ከሰገነቱ ሲወርድ ጠብቀው። «ይሄ ግድግዳ ሸምበቆና ጭቃ ነው። ያልበዋል። በሲሚንቶ ከደፈናችሁት ላቡ በየት ይውጣ?»

«እናቴ፣ ሲሚንቶ እኮ ድንጋይ ማለት ነው። ውሃ አያስገባም።»

«አያስወጣምም።»

«ከከተማ የመጣው መሐንዲስ አይቶታል።»

«በዓይኑ ነው በእጁ?»

ዊልመር ግንባራቸውን ሳመ። ወንበር አስመጣላቸው፤ በቅል ቺቻ፣ የበቆሎ ጠላ፣ አስቀዳላቸው። ሳንታ ዶሮቴያ ውስጥ አሮጊትን ዝም ማሰኘት ሲፈልጉ መቀመጫ ይሰጧታል።

እሳቸው ግን አልተቀመጡም። የደረሳቸውን ሁለት ክንድ፣ ያንኑ የማጠቢያውን ጥግ፣ ብቻቸውን በጭቃ ዳር ዳሩን ጠጋገኑት፤ የናታቸውን መስመር አልነኩም። ቅዳሜ ድንቻቸውን ሊቆፍሩ ወጥተው ሰኞ ሲመለሱ ጥጉ እንደሌላው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ጠበቃቸው።

«ቀለሙ አልገጠመማ» አለ ዊልመር። «ለእርስዎ ብለን ነው። የአውሬሊያ ልጆች ናቸው የለሰኑልዎ፤ በነፃ።»

«ማን ለመናቸው?»

«እንዳይደክሙ ብለን ነው እናቴ።»

የሚሰድብ ሰው መልስ አለው። የሚያከብርህና የማይሰማህ ሰው ግን መልስ የለውም። መዳፋቸውን በሲሚንቶው ላይ አሳረፉ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

በዓሉ ደመቀ። ነሐስ ተነፋ፣ ሆቴሉ ነጭ ተቀብቶ ፎቶ ተነሣ። ሁለት እንግዳም አድሮበታል፤ አንዱ የቄሱ ወንድም ነው።

ከዚያ ዝናቡ ገባ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ በየጧቱ ሄደው ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፤ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። በኅዳር ደህና ነበር። በታኅሣሥ እንደ ባዶ እንስራ ይጮህ ጀመር። በጥር ከሥሩ የበሰበሰ ሸምበቆ ሸተተ።

«አዲስ ቀለም ነው የሚሸተው» አለ ዊልመር።

«አፍንጫዬ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ቀለምና ብስባሽ ግን ይለያል። በል ሌላው ይቅር፣ የኔን ሁለት ክንድ ልፈቅፍቀው። የተሰጠኝ ለኔ አይደል?»

«ፊቱ ይበላሻል እናቴ። የቱሪዝም ሚኒስቴር ሰዎች ፎቶውን አይተውታል።»

ወደ አውሬሊያ ሄዱ። «እኔ ምን አውቃለሁ እማማ? ሁሉም ያደረገውን ነው ያደረግነው።» ወደ ቄሱ ሄዱ፤ እጸልያለሁ አሏቸው። መዶሻ ይዘው ራሳቸው መጡ፤ ክንዳቸው ሦስቴ መታና እምቢ አለ። ሲሚንቶው ላይ የወጣው ጭረት የድመት ቧጨራ አያህልም። ከዚያ በኋላ መጥተው ከመቆም በቀር ያደረጉት ነገር የለም።

የካቲት ላይ፣ ረቡዕ፣ ገበያው እንደቆመ፣ ሆቴሉ ተናደ። ድምፅ እንኳ አላሰማም። ከግድግዳው ሥር ቀጭን ጭቃ እንደ ገንፎ ወጣ፤ ከሲሚንቶው ውስጥ ያ የስንት ዘመን አፈር እየፈሰሰ ሲያልቅ ቅርፊቱ ለትንፋሽ ያህል ብቻውን ቆመ። ከዚያ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰባበረ፤ ሰገነቱም ተከትሎ ወረደ። ሰው አልሞተም። በሰገነቱ ሥር የነበረው ያ ለአሮጊት የሚሰጠው ወንበር ብቻ ነው።

ሰዉ በዝናቡ ውስጥ ቆሟል። ዊልመር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ያለቅሳል። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ወደ ጥጉ ሄደው ጎንበስ አሉ። የናታቸው መስመር የለም። እፍኝ ጭቃ አንስተው አዩት፤ እንደማንኛውም ጭቃ ነው፤ መልሰው ጣሉት።

«የቀረውን አፍርሰን በብሎኬት እንሠራዋለን» አለ ዊልመር አፍንጫውን እየጠረገ። «ሌላ ምን ይደረጋል?»

«የኋላው ግድግዳ ቆሟል። ሲሚንቶውን አንሱለት።»

«ብንነካው ይወድቃል እናቴ።»

«ባትነኩትም ይወድቃል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

እሳቸውም አያውቁም ነበር። ዝናቡ ገና አንድ ወር ይቀረዋል፤ ደረቅ ጭድ የለም፤ ቁልቋሉ እንኳ ዘጠኝ ቀን ይፈልጋል። የኋላውን ግድግዳ በሩቁ አዩት። ሥሩ መርጠብ ጀምሯል።

«ያቺን ወረቀት አምጣ» አሉ።

«የትኛዋን?»

«ስም የጠራህባትን። ውሃ የሚለውን ሰርዝ። ያመጣሁትን ጻፍ፤ ቁልቋል በል፣ ዘጠኝ ቀን በል። ሰገነቱ ስለሌለ እዚሁ ጭቃው ላይ ቆመህ ታነበዋለህ፤ እኒህም ቆመው ይሰማሉ። ጽፈህ ስትጨርስ መጀመሪያ ለአውሬሊያ ስጣት፤ እሷ ታንብብልኝ። አንተን አላምንህም።»