ከውሃ የማይወጣው ጨረር

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ያየሁትን ነው የጻፍኩት!»

ልጅቷ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ የተደረገበትን የሙከራ ፈተና ወረቀቷን የኮምፒውተሩ ኪቦርድ ላይ ዘረጋችው። ክፍሉ ሁሉ «ጥያቄ» ነው የሚላት፤ አንድ ነገር ከያዘች የሚያስለቅቃት የለም። የፊዚክስ መምህሩ መነጽሩን ገፋ አድርጎ አየው። ከውሃ ወደ አየር በስልሳ ዲግሪ የተላከ ጨረር ምን ይሆናል? «የውሃውን ገጽ ታክኮ ይወጣል» ብላለች። ስህተት ነው። በስልሳ ዲግሪ ጨረሩ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይቀራል እንጂ አይወጣም።

«ሁላችንም እንዲህ ነው የመለስነው። ያረሙት የሌላ ክፍል መምህር ናቸው፣ ኮምፒውተሩን አላዩትም። ይኸው ይዩት!»

ማውሱን ይዛ ስክሪኑ ላይ ያለችውን የመብራት ምስል ስልሳ ዲግሪ ላይ አቆመቻት። ቢጫው ጨረር ከውሃው ስር ተነሳና ገጹን ታክኮ ፈትለክ አለ።

እሱ እንደሆነ ፕሮግራሙ እንደሚሳሳት ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ነው! ሲያስተምር መብራቷን ከአርባ አምስት አያሳልፋትም፤ የቀረውን በአፉ ነግሮ ያልፋል። ልጆች ደግሞ ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ያምናሉ። ዋናው ፈተና ሳምንት ነው የቀረው።

ፕሮግራሙን የሠራችለት ሴት ልጁ ናት። «አባዬ፣ በጠመኔ የተሳለ ብርሃን ማን ይገባዋል?» እያለች ስታሾፍበት ከርማ፣ ሁለት ወር ሳሎን ተቀምጣ ጻፈችለት። ሳትጨርሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት መንገድ ስታቋርጥ መኪና ገጫት። በቃ፣ በዚያው ቀረች።

«ተሳስተናል ማለት ነው?» አለች ጥያቄ።

«እናንተ አልተሳሳታችሁም።»

«ታዲያ ማን ነው የተሳሳተው?»

«ምሳሽን በልተሽ ነይ» አላት።

ብቻውን ሲቀር የፕሮግራሙን ጽሑፍ ከፈተ። ከተሳሳተው መስመር በላይ የልጁ ማስታወሻ አለ፦ «አባዬ፣ ይሄ ለጊዜው ነው። ነገ አስተካክለዋለሁ።» ስንት ቀን ከፍቶ አንብቦ ዘግቶታል! እሱ እስካልነካው ድረስ፣ ልጁ ገና ነገ የሚባል ቀን ያላት ይመስለው ነበር።

ለሚስቱ ደወለ።

«ያንን የልጃችንን ስህተት ልነካው ነው።»

«እስካሁን አልነካኸውም እንዴ?»

«እጄ እንቢ አለኝ።»

«አንተ ሰውዬ! ፈተናው እኮ ደርሷል፤ የሰው ልጆች ይውደቁ? እሷ ብታውቅ እንዴት ትቆጣህ ነበር።» ድምጿ ተሰበረ። «አስተካክልላት፣ የኔ ጌታ። አስተካክልላት።»

ሦስት መስመር ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ጽፎ ሲጨርስ መብራቷን ስልሳ ላይ አቆማት። ጨረሩ የውሃውን ገጽ ነካና ተመልሶ ወደ ታች ወረደ። ትክክል ነው። ትክክል በመሆኑ አለቀሰ። ከዚያ ማስታወሻዋን ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ አንድ በአንድ አጠፋው፤ «አባዬ» የሚለው ላይ ሲደርስ ብዙ ቆየ፣ እሱንም አጠፋው።

ጥያቄ አፏን በመዳፏ እየጠረገች ገባች። ዓይኑን አየችና ድምጿን ቀነስ አደረገች።

«ቲቸር፣ ማን እንደተሳሳተ አልነገሩኝም እኮ።»

«እኔ ነኝ» አላት። «ሂጂ ክፍሉን በሙሉ ጥሪልኝ፤ ስልሳ ዲግሪን እንደገና እናየዋለን።»